የማንኪያው ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ምርመራዋ ውጤት ሲደርስ፣ አዋላጇ በሩን ዘጋችና «የኔ እህት፣ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ተገኝቶብሻል፤ ሄፓታይተስ ቢ ይባላል» አለቻት። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የሞተችው እናቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለች።

እናቷ በመጨረሻ ዓይኗ ቢጫ፣ ሆዷ የተነፋ ነበር። አክስቷ «የወፍ በሽታ ነው፣ ይጋባል» ብላ ብርጭቆዋን ለየችባት። እናቷ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስትበላ የማንኪያዋ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።

ልብስ ሰፊዋም ቤቷ እንደገባች ሳህኗን ለይታ፣ ራቷን ይዛ ጓዳ ተቀመጠች። አናጺው ባሏ ቢለምን ቢቆጣ ወይ ፍንክች! ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ክው አለች። ድምፁ የእሷ ይሁን የእናቷ መለየት አቃታት።

በማግስቱ ባሏ እጇን ይዞ ወደ አዋላጇ መለሳት።

«አብሮ በመብላት አይተላለፍም» አለች አዋላጇ። «በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ ጊዜ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ነው። አንቺ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ይከተባል። ባልሽም ተመርምሮ ከሌለበት ይከተብ።»

«ታዲያ እናቴ ለምን ብቻዋን በላች?»

አዋላጇ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

ልጅቷ ተወልዳ ወዲያው ተከተበች። ከቀናት በኋላ ግን እናትየው በመስኮቱ ብርሃን የሕፃኗን ዓይን ብታየው፣ ቢጫ! ሕፃኗን አቅፋ እያለከለከች ጤና ጣቢያ ደረሰች።

አዋላጇ መረመረቻትና «ብዙ አራስ ልጅ እንዲህ ይሆናል፤ ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም። ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፤ ካልለቀቃት ግን አምጫት» አለች።

ለቀቃት። ዓመት ሊሞላት ሲል ተመርምራ ከቫይረሱ ነፃ ስትባል አናጺው እዚያው ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ።

ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት አውቶቡስ ነጂ ለሆነው ታላቅ ወንድሟ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ የወለደችን አንዲት እናት ናት። ተመርመር።»

«እኔ እንደ አለት ነኝ፤ ምን ሆኜ?» አለ እየሳቀ።

«እኔስ ምን ሆኜ ነበር?»

ሳቁ ቆመ።

«ስንቴ የጤና ጣቢያ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ» አለችው።