የተከበሩ ጆንያ

አራባ ኤሱማን ጡረታ ከወጣች ወዲህ የሚያዳምጣት ሰው ጠፋ። በጋና፣ ከታኮራዲ በስተምዕራብ ባለችው ትንሿ የዓሣ አጥማጆች ከተማቸው፣ በሴቶች ትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ የሕዝብ አስተዳደር ስታስተምር ነው የኖረችው፤ ተማሪዎቿ እያንቀላፉም ቢሆን ቁጭ ብለው ይሰሟት ነበር። አሁን መንገድ ላይ የሚያገኟት ሰዎች «ማዳም፣ እንደምን ዋሉ» ይሉና እግራቸውን ሳይገቱ ያልፋሉ። ከቆሙ ስለ ምክር ቤቱ በጀት ትጀምርላቸዋለች፤ ከጀመረች ደግሞ የያዙት ዓሣ እጃቸው ላይ ይሸታል።

የምክር ቤቱ ነገር እንዲህ የሚያንገበግባት ወንድሟ ስላለበት ነው። ታላቅ ወንድሟ ፊፊ የሠፈሩ ተመራጭ ሆኖ ብዙ ዘመን ተቀምጧል። ነጭ ባርኔጣ ከራሱ የማይለይ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሰው እንዳይቀየመው ሲጠነቀቅ የሚውል ሰው ነበር። ከሠፈሩ ወደ ዓሣ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ የጎርፍ ቦይ አለ። በክረምት ሞልቶ ሲደነፋ፣ ሴቶቹ ዓሣቸውን በራሳቸው ተሸክመው የሚሻገሩት አንድ ሰው ሲረግጠው በሚረግብ ጣውላ ላይ ነው። ድልድይ ሊሠራ ነው ከተባለ ሰነበተ። ፊፊ እሑድ እሑድ እህቱ ቤት ፉፉ የሚባለውን የካሳቫ ገንፎ በሾርባ ሊበላ ሲመጣ፣ አራባ ሾርባው ሳይቀርብ ስለ ድልድዩ ትጠይቀዋለች። እሱም ሂደት ላይ ነው ይላታል። አንድ እሑድ ሾርባውን ከፊቱ አንስታ «ይኼም ሂደት ላይ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ እሑድን ተወ።

ጨዋታውን የፈጠረችው ያን ሰሞን ነው። የሉዶ ሰሌዳ እየሳለ የሚሸጠውን ጆጆን አስጠርታ፣ በሰሌዳው ላይ በአራት ማዕዘኖቹ ፈንታ ከተማ እንዲስል አደረገችው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ገበያ፣ መሀል ላይ ደግሞ ድልድይ። ድልድዩ ሥር ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ። ገንዘቡ የቢራ ጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ ቆርኪው በአንድ ጎድጓዳ ሳሕን ይቀመጣል፤ እሱ የከተማው ካዝና ነው። ተጫዋች ተራው ሲደርስ ከካዝናው ቆርኪ ይዘግንና ለድልድዩ ይኼን ያህል አዋጥቻለሁ ብሎ በአደባባይ ይምላል። ከዚያ እጁን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። በጨርቁ ሥር ምን ያህሉ ጉድጓድ እንደገባ፣ ምን ያህሉ የግሉ ከረጢት ውስጥ እንደገባ እሱና ፈጣሪ ብቻ ያውቃሉ። ካዝናው ሲያልቅ ዝናብ ይመጣል፤ ክዳኑ ይነሳል። ጉድጓዱ ከሞላ ሁሉም ተሻግሮ አሸነፈ። ካልሞላ ከረጢቱ የከበደው ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ሌላው በጎርፍ ይወሰዳል። ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ ጉድጓዱ አንድም ጊዜ ሞልቶ አያውቅም።

በየዙሩ የሚመዘዙ ካርታዎችም አሉት። ተቋራጭ ግማሽ ሲሚንቶ አለ፤ ያለ ማኅተም ውሃ እንኳ የማታስጠጣ ወይዘሮ ማኅተም አለች። ሰው ሁሉ የወደደው ግን የተከበሩ ጆንያን ነው። ያ ካርታ የደረሰው ሰው «ጉዳዩ ሂደት ላይ ነው» ብሎ የጎረቤቱን ቆርኪ ይወስዳል። አራባ ለጆጆ ነጭ ባርኔጣ አድርግለት አለችው። ጥርሱንም ነገረችው። ጆጆ ከራሱ ጨምሮ ቦርጭ ሰጠው፤ የፊት ጥርሱንም ጨርሶ አወለቀው።

ጨዋታው ከጆጆ ሱቅ ወጥቶ ፀጉር ቤት ገባ፤ ከፀጉር ቤት መጠጥ ቤት፣ ከዚያ የታክሲ ተራ። ሰው አራባን መንገድ ላይ እያስቆመ ስለ ጨዋታው ሕግ ይጠይቃት ጀመር። እሷም ቆማ ታስረዳለች፤ ፊቷ ይፈካል።

ከዚያ ምክር ቤቱ የሠፈሩን ሕዝብ ሰበሰበ። ፊፊ ባርኔጣውን አውልቆ ሊናገር ተነሳ። ስለ ድልድዩ ሲጀምር ከኋላ አንድ ወጣት «ጆንያ» አለ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ የምክር ቤቱ ሰብሳቢም ሳቀ። አራባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ መጀመሪያ ደስ አላት። ወንድሟ ባርኔጣውን ሲያዟዙር፣ ከጠርዙ ላይ የሌለ አቧራ ሲጠርግ አየችው። ንግግሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ቤቷ ገብታ ምሳዋን ሳትነካ መልሳ ከደነችው።

ፊፊ ለፖሊስ አልሄደም፤ ለቤተሰቡ አለቃ ለኤግያ አሞኑ ከሰሳት። ኤግያ ማለት አባት ነው፤ አሞኑ ግን የእናታቸው አጎት ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ በቀረው ግን መርፌ ያያሉ። ችሎቱ በማክሰኞ ሆነ፤ ማክሰኞ ጀልባዎቹ ባሕር ስለማይወጡ በቤተሰቡ ግቢ ሥራ የፈታ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽናፕስ የሚባለው አረቄ ተቀዳ፣ ለአባቶች መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ፊፊ ያለቀሰ በሚመስል ድምፅ ቤተሰቡን እንዴት እንዳገለገለ፣ ስሙም እንዴት መጫወቻ እንደሆነ ተናገረ። አራባ በበኩሏ ካርታው ላይ የማንም ስም አልተጻፈም፤ ባለ ባርኔጣው እኔ ነኝ ያለው ራሱ ነው አለች። ዘመዱ አጉረመረመ። ኤግያ አሞኑ እጃቸውን አነሱ።

«ያላየሁትን ነገር አልፈርድም። ሰሌዳውን አምጪው።»

«ኤግያ፣» አለ ፊፊ፣ «እኔ የመጣሁት ስሜ ጠፋ ብዬ ነው እንጂ ልጫወት አይደለም።»

«ስምህ የጠፋው እዚህ ውስጥ ከሆነ ገብተን እንፈልገዋለን። ተቀመጥ።»

ሦስቱ በሰሌዳው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ዘመዱ ከላያቸው አንገቱን አሰገገ። ፊፊ ይኼን ሁሉ ዓይን ስላየ የዘገነውን ቆርኪ አንድም ሳያስቀር ጉድጓድ ጨመረ፤ ሲጨምርም ጨርቁን ገልጦ ነው። ኤግያ አሞኑ በሞቱት እናታቸው ማሉ። ድልድዩን የማልሠራ ከሆነ ባሕሩ አይቀበለኝ ብለው፣ ድምፃቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ማሉ፤ አንዲት አክስት እንባዋን ጠረገች። አራባም ማለች። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናትና እጇ በጨርቁ ሥር የት እንደሚገባ ያውቃል።

ከዙር ወደ ዙር ጨዋታው ሽማግሌውን እየሞቃቸው ሄደ። በሹክሹክታ ከፊፊ ጋር ተዋዋሉ፣ ወዲያው ለአራባ ሸጡት። የተከበሩ ጆንያ ሲደርሳቸው ካርታውን በአንድ ዓይናቸው አገላብጠው አዩና ፊፊን አዩት፤ ከዚያ በፊፊ ድምፅ «ጉዳዩ ሂደት ላይ ነው» ብለው የዘገነውን ቆርኪ ከፊቱ ወሰዱበት። ግቢው ተንጫጫ። ፊፊ ከንፈሩን ነከሰ።

ካዝናው አለቀ። ክዳኑ ሲነሳ ጉድጓዱ ውስጥ የተገኘው ፊፊ ያስገባው ብቻ ነው። የኤግያ አሞኑ ከረጢት ሲገለበጥ ቆርኪው ተንከባሎ መሬት ሞላ። አራባ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። እሷ የሰበሰበችው ቆርኪ ሁሉ የቢራ ነው፤ ይኼ የለስላሳ ነበር። ከወንበራቸው ሥር ደግሞ የተከፈተ ጠርሙስ ተገኘ።

«ኤግያ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ሳይለወጥ «እሱ የውጭ ዕርዳታ ነው» አሉ።

ፊፊ ያኔ ሳቀ። ፍንጭቱ እስኪታይ፣ ባርኔጣው ከጉልበቱ እስኪወድቅ ሳቀ። እንባውን ሲጠርግ የአራባን ከረጢት አየና እጁን ዘርግቶ መዘነው። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

«አንቺም?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ወንድሜ ፊፊ።»

«ምክር ቤትም እንደዚያ ነው የሚሉት።» ከረጢቱን መልሶ አጠገቧ አስቀመጠው። «ጨዋታሽ ጥሩ ነው፣ አራባ። እውነቴን ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። የማንም እህት የለችበትም።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚያወራ ሆኖ ነገራት፤ ግቢው ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ለከተማው የመብራት ትራንስፎርመር የመጣ ጊዜ መስመሩ መሄድ የነበረበት ወደ ታችኛው ሠፈር፣ ዓሣ በጭስ የሚያደርቁት ሴቶች ወዳሉበት ነው። አራባ ግን አንድ እሑድ የተማሪ ፈተና የማርመው በሻማ ነው፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው ብላው ነበር። ፊፊ ሄዶ ሰብሳቢውን ለመነ፤ መስመሩ ወደ እህቱ በር ዞረ። ታችኛው ሠፈር እስከ ሌላው ክረምት በጨለማ ተቀመጠ።

«ከዚያ ወዲህ ስለ ድልድዩ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ሰብሳቢው ‹የትራንስፎርመሩንም ነገር አብረን እናንሳው?› ይለኛል። እጄን መልሼ አወርዳለሁ። ይኸው ነው ሂደቱ።»

አራባ መብራቱ የገባበትን ምሽት አስታወሰች። በረንዳዋ ላይ ቆማ አምፖሉን ስታበራና ስታጠፋ ነበር፤ የታችኛውም ሠፈር ተራ ይደርሳል ብላ አስባ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አላሰበችውም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ምንም ለምነሽ አታውቂም። እኔን የለመንሽኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።»

የአራባ ዓይን እንባ ሲያቀርር ኤግያ አሞኑ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ፍርዳቸውን ሰጡ። ሁለቱም አንዳንድ ጠርሙስ ሽናፕስ ያመጣሉ። አራባ የጎደለውን ካርታ ሠርታ ሰሌዳውን ለገዛ ሰው ሁሉ በእጇ ታድላለች። ጆንያ ይኑር ወይስ ይነሳ የሚለውን ፊፊ ራሱ ይወስን ተባለ።

«ይኑር» አለ ፊፊ። «ጥርሴን ግን ይመልሱልኝ። ጥርሴ ፍንጭት ነው እንጂ አልወለቀም።»

አዲሱን ካርታ ጆጆ በሁለት ቀን ሳለው፦ በር ላይ የቆመች፣ መነጽር ያደረገች፣ ሻማ የያዘች ሴት። «እህት በር ላይ ናት» ይላል። የደረሰው ሰው ለድልድዩ ያወጣውን ቆርኪ ለጎኑ ሰው ይሰጣል፤ እንቢ ማለት አይቻልም። አራባ ካርታውን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ሳይጠይቋት ትናገር ነበር። በመጨረሻ ታችኛው ሠፈር ደረሰች። አንዲት ዓሣ በጭስ የምታደርቅ ሴት ከምድጃዋ ቀና ብላ፣ ጭሱን በእጇ እየገፋች ካርታውን አየችው።

«ማዳም፣ እኛማ እናውቅ ነበር» አለቻት። «እርስዎም የሚያውቁ መስሎን ነው ዝም ያልነው።» ከዚያ መቀመጫ ሰጥታት፣ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና ትኩስ ዓሣ ከነበርበሬው አቀረበችላት። አራባ ያን ቀን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ተቀምጣ ብዙ ሳትናገር ዋለች።

ፊፊ በቀጣዩ ስብሰባ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው አፉን ከመክፈቱ በፊት የትራንስፎርመሩን ነገር ፊፊ ራሱ አነሳና ጥፋቴ ነው አለ፤ ከዚያ ወደ ድልድዩ ገባ። ክርክሩ ብዙ ስብሰባ ፈጀ። ድልድዩ ሲሠራ ግን ፊፊ ተመራጭ አልነበረም። ጥፋቱን በአፉ ስለተናገረ ያመሰገኑት ብዙ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ግን ለሌላ ሰጡ። በምርቃቱ ቀን ስሙን የጠራ አልነበረም። እሱና አራባ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር ቆመው አጨበጨቡ።

አዲሷ ተመራጭ ኤኩዋ የምትባል ወጣት ጠበቃ ነች። ከተመረጠች ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ወደ አራባ ቤት መጥታ ጨዋታውን አሳዩኝ አለች። የእሑዱን ፉፉ መልሶ የጀመረው ፊፊም እዚያ ነበር፤ አሳዩአት። ፊፊ ሥልጣኑን ከለቀቀ ወዲህ በሰሌዳው ላይ ርኅራኄ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በሁለት ዙር ካዝናውንም እሷንም ባዶ አስቀራቸው። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንደገና እንጫወት አለች፣ እንደገና ተዘረፈች።

ልትሄድ ስትነሳ ፊፊ እስከ ታክሲ ተራው ልሸኝሽ ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ። አራባ ቆርኪውን እየሰበሰበች በመስኮት ትሰማቸዋለች። ልጅቷ ስለ መንገድ ተቋራጮች ጠየቀችው። እሱ እሱን በኋላ እንደርስበታለን አላት።

«መጀመሪያ፣» ሲል ሰማችው፣ «እሑድ እሑድ ዘመድ እንዳያገኝሽ ስልክሽን አጥፊ።»

ልጅቷ ለምን አለችው። የመለሰላት ነገር ረጅም ነበር፤ ግን ከግቢው በር ወጥተው ስለራቁ አራባ አልሰማችውም።