የሠርጋችን በርጩማ

ግድግዳችን ላይ ካለው ፎቶ ውስጥ በርጩማ አለች... ግን አትታይም። ቬሎዬ ሸፍኗታል። ከላይዋ ቆሜያለሁ እኔ፣ ከጎኔ ቆሟል አጥናፉ፣ ዓይናችን እኩል ነው።

ረጅም ነው እሱ። አጭር ነኝ እኔ።

ደሴ ነበር የተጋባነው፣ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ በወረደበት ጠዋት። ፎቶ አንሺው ክንድ የማትሞላ በርጩማ አምጥቶ "ውጪባት" አለኝ። ወጣሁባት። "አደግሽ" አለኝ አጥናፉ በጆሮዬ፤ ሳቄ ፎቶው ላይ ቀረ። በርጩማዋንም ለምኖ ቤት ይዟት መጣ።

ሃያ ስድስት ዓመት ቁልቁል አየኝ። ቁልቁል እያየ ቀለደብኝ፣ ቁልቁል እያየ ተቆጣኝ፣ ቁልቁል እያየ ታረቀኝ...

ከዚያ ማየት ተወ።

በላዬ አልፎ ግድግዳውን ያያል። ሳወራው ግድግዳውን፣ ስቆጣው ግድግዳውን። ደረጃ ይስታል፣ ወጥ ሸሚዙ ላይ ያንጠባጥባል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩአየሁ እጃቸውን ቢዘረጉለት ዝም ብሏቸው አለፈ። "መምህሩ ኮራብን እንዴ?" አሉኝ።

እኔም ኩራት መሰለኝ። ሌላ ሴት መሰለኝ። ስምንት ወር አኮረፍኩት... ያንን ስምንት ወር እስከ ዛሬ አልቅሼ አልጨረስኩም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ እስክሪብቶ ይዛ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ዓይኖቹ ተከተሉ። ወደ ግራ ወሰደችው፤ ተከተሉ። ወደ ታች አወረደችው...

ዝቅ አይሉም ዓይኖቹ።

ብዙ ሰው የማይዘው የአንጎል በሽታ ነው አለችኝ፤ መድኃኒት የለውም፤ መራመዱንም መናገሩንም ቀስ በቀስ ይወስዳል። እኔ የሰማሁት ግን አንዱን ብቻ ነው። አልጠላኝም። ዝቅ አይሉም ዓይኖቹ።

ስለዚህ ከፍ አልን እኛ። ከፍ አለ ሳህኑ፣ በመጽሐፍ ክምር ላይ። ከፍ አለ በደጃፉ የተከለው በሶብላ፣ በጣሳ ሆኖ መስኮቱ ላይ። ከፍ አለ የእትዬ ጥሩአየሁ እጅ፣ ለሰላምታ፣ እስከ አገጩ ድረስ።

በርጩማዋን ከአልጋ ሥር አወጣኋት። ወጣሁባት። ፊቴ ከፊቱ ገጠመ... ብዙ ቆየ፣ ቃሉን ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው።

"አ... ደግሽ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወጣሁባት። ጭጋጉ ይወርዳል፣ እኔ እወጣለሁ። በየጠዋቱ አደግሁ።

ዘንድሮ እግሮቹ እምቢ አሉ። ድምፁም ሄደ። ውሎው ወንበር ላይ ነው፣ ትራስ ተደግፎ፣ ወደ ውስጥ ሰመጥ ብሎ። አሁን ደግሞ ሽቅብም አይሉም ዓይኖቹ። ቆሜ ብጠራው ሆዴን ነው የሚያየው። ሞቱን ለምጄ እጠብቀዋለሁ፤ ሳያየኝ መሄዱን ግን ፈራሁ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ማየቱ አይቅርብኝ አልኩ።

ተቀምጧል እሱ። ረዘምኩ እኔ።

ዛሬ ጠዋት፣ ጭጋጉ መስኮቱን ሲነካ፣ በርጩማዋን ከፊቱ አስቀመጥኳት። አልወጣሁባትም። ተቀመጥኩባት፣ ጉልበቴን ከጉልበቱ አስጠግቼ።

ዓይኖቹ እዚያው ነበሩ... ልክ ፊቴ ባረፈበት ላይ።

ቃሉን ጠበቅሁ። አልመጣም። ወደ ጆሮው ተጠግቼ "አጠርኩልህ" አልኩት። አውራ ጣቱ መዳፌ ላይ ተንቀሳቀሰ፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ።

ቀሚሴ በርጩማዋን ሸፍኗታል። በዚህ ሰዓት በር ከፍቶ የገባ ሰው ቢኖር፣ እኩያ ናቸው ይለን ነበር።