የትንሿ በር እንቡጥ

አበባ ከብረት እሠራለሁ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። የአትክልቷ አበባ ሳምንት ሳትሞላ ትረግፋለች፣ የእኔዋ ግን ዝናብ ሲወርድባት፣ ፀሐይ ሲያነዳት፣ ሰክሮ የገባ ባል በካልቾ ሲላት ሠላሳ ዓመት ትቆማለች። በሠፈራችን ካሉት የግቢ በሮች ግማሾቹ የእኛ ቤት እጅ ያረፈባቸው ናቸው። መንገድ ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄደው በከንቱ አይደለም።

ሙያውን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ላሜራውን በመቀስ ይቆርጥና በከሰል እሳት አግሎ፣ ጎድጎድ ባለ ግንድ ላይ በመዶሻ እየቀጠቀጠ አንድ በአንድ የአበባ ቅጠል ያወጣ ነበር። ደንበኛ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ፎቶውን በአክብሮት ተቀብሎ ያይና ይመልስለታል። ከዚያ «ቤቱ ውስጥ ማን ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለአዲስ ሙሽሮች ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ግንዶች ይሠራል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊት ምሰሶውን አቅፋ የምትወጣ ሐረግ ሠርቶላቸው ነበር። ከጎረቤት ሁሉ ለተጣላ አንድ ሰውዬ ደግሞ በሩን ሙሉ እሾህ አድርጎ ከላይ አንዲት ትንሽ አበባ አስቀመጠለት። ሰውዬው በደስታ ሊሞት ምንም አልቀረው፤ ሠፈርተኛው ግን በሩን ባየ ቁጥር አፉን ይዞ ይስቅ ነበር። አባቴ «አበባ አስተርጓሚ አይፈልግም» ይል ነበር። ይህን ሲል ስሰማ ነው ያደግሁት።

የሠፈራችንን የእናቶች ሆስፒታል አሮጌ በርም የሠራው እሱ ነው፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ። ከላይ እስከ ታች እንደ ፀሐይ የፈኩ ትልልቅ አበቦች ነበሩበት። ክፍል ውስጥ ላልጠየቀኝ ሁሉ «አባቴ ነው የሠራው» እያልኩ መምህሯን አሰልችቻት ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ለመውለድ እዚያው ገባሁ። ልጄ አንድ ቀን እንኳ አልቆየችም። ባለቤቴ በግራ፣ አባቴ በቀኝ ደግፈውኝ ባዶ እጄን ስወጣ ቀና ብዬ በሩን አየሁት። ያ ሁሉ አበባ አፉን ከፍቶ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ያን ቀን የአባቴን ሥራ ጠላሁት፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አባቴ ዓይኔ የት እንዳለ አይቶ ኖሮ መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ልጄ፣ ይሄን በር የሠራሁት ልጁን ታቅፎ ለሚወጣ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ነገሩን አላነሳውም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። እኔም አልጠየቅሁትም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ እንደ አዲስ ሲሠራ አሮጌው በር ተነቀለ። ለአዲሱ በር ሦስት ብየዳ ቤቶች ንድፍ አቅርበው የእኔ ተመረጠ። ደግሞ ውሉ ላይ የሠሪው ስም በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ከበሩ አጠገብ እንደሚሰቀል ተጽፏል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ስሙ አንድ በር ላይ ወጥቶ አያውቅም። የብየዳ ቤታችን ቀለም ቀቢ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሚፈልገው ነገር ሲኖር «እትዬ» ይለኛል፣ ከሌለ «ኮማንደር»። የመጀመሪያው የቱቦላሬ ብረት ሳይቆረጥ ሄዶ ሰሌዳውን አስቀርጾ መጣ። ከላይ የአባታችን ስም፣ ከሥሩ የእኔ።

ንድፉ እንዲህ ነበር። በውጭ በኩል፣ ለሚገቡት፣ አበባው ሁሉ እንቡጥ ነው፤ ውስጥ ምን እንደሚጠብቅ ማንም አያውቅምና። በውስጥ በኩል፣ ለሚወጡት፣ አርባ አበቦች ፈክተዋል። ሥራውን የሚቆጣጠረው ወጣት ኢንጂነር በዚህ በጣም ተደሰተ። ለኮሚቴው «ተስፋ ማለት ነው» ብሎ በእኔ ፈንታ ሲያብራራ ሰማሁት።

በሩ ተተክሎ ርክክቡን ሊፈርም በመጣ ቀን ግን ኢንጂነሩ በውስጥ በኩል ያሉትን በጣቱ እየቆጠረ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። እግረኛ በሚወጣባት ትንሿ በር ላይ፣ ከመያዣው ከፍ ብሎ፣ እጅ በሚያርፍበት ቦታ አንዲት እንቡጥ አለች።

«እትዬ፣ ይቺ ከውጭዎቹ አንዷ ናት። ተሳስታ ወደ ውስጥ ገብታለች» አለኝ።

«አልተሳሳተችም።»

ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀኝ። መንገር እችል ነበር፤ ግን የእኔን ኀዘን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ማስፈረሚያ ላደርገው አልፈለግሁም። የምትፈልጋት ሴት ስታያት እንደሚገባት ብቻ ነገርኩት። ካልገባትስ፣ አጠገቧ ማብራሪያ ይለጠፍ ወይ አለ።

«ጽሑፍ የተለጠፈባት አበባ ማስታወቂያ ናት» አልኩት።

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ አርባ የፈኩ አበቦች ይላል፤ እሱ ደግሞ ወረቀት ያመነ ልጅ ነው። እስከ ነገ ጠዋት እንቡጧን እንድከፍታት፣ ካልሆነ «ያልተጠናቀቀ ሥራ» ብሎ እንደሚጽፍ፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ላይ ደግሞ ስም እንደማይሰቀል ነግሮኝ ሄደ።

ወንድሜ ፒንሳውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ብረቱን ትንሽ አግሎ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ማጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያንን እኔም እሱም እናውቃለን።

«እትዬ፣ የአባባ ስም ነው እኮ የሚቀረው» አለኝ።

እዚህ ላይ አንጀቴን በላው። ፒንሳውን ይዤ እንቡጧ ፊት ቆምኩ። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነበር። ማንም ባይገባውስ? የምታልፍ ሴት ሁሉ ሰነፍ በያጅ ረስቷት ነው ብላ ብትሄድስ? ያኔ የአባቴ አባባል የቆየ ጉራ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው፤ እኔም ስሙን ያስቀረሁት በባዶ እልህ። ግን መኪናው ውስጥ ሲናገር የነበረው ድምፁ ትዝ አለኝ። ስሙ ቢወጣ ደስ ይለው ነበር፤ ያ በር ግን እስኪሞት ሲቆጨው ኖሯል። ፒንሳውን ለወንድሜ መለስኩለት።

በማግሥቱ ኢንጂነሩ እንዳለው ጽፎ ፈረመ። በምረቃው ዕለት የሆስፒታሉ ኃላፊ ስለ ተስፋና ስለ አበባ ረጅም ንግግር አደረገ። ማን እንደሠራው ሳይነሳ ጭብጨባው አለቀ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ተሰማኝ፤ እንደ እሳት ተናድጃለሁ፣ በሩን ባየሁ ቁጥር ደግሞ ደረቴ ይነፋል። ሰሌዳው ብየዳ ቤታችን ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ወንድሜ በየሳምንቱ ቅዳሜ በጨርቅ ይወለውለዋል።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ኢንጂነሩ ደውሎ ከበሩ አበቦች አንዷ ቀለሟ እንደለቀቀ፣ መጥተን እንድናይ ነገረን። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ብየዳ ቤቱን ባንድ እግሩ አቆመው። ሦስት እጅ ቀለም ቀብቶ፣ በየመሀሉ አድርቆ፣ የእሱ ቀለም እንዴት ይለቃል! ብሩሹንና ጣሳውን ይዞ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። እኔ በበኩሌ ነገሩ እንቡጧን ማስነቀያ ሰበብ ነው ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄድኩ።

ደርሰን አየን። ሠላሳ ዘጠኙ አበቦች ቀለማቸው እንደ ትናንት ነው። እንቡጧ ብቻ እርቃኗን ቀርታለች። ብረቷ ወጥቶ፣ ለስልሶ፣ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ ዝገት ፈለግሁባት፤ የለም። ሁልጊዜ እጅ የሚያርፍበት ብረት አይዝግም።

ኢንጂነሩ ዘበኛውን ጠራቸው። ዘበኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከትንሿ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ልጅ ታቅፈው የሚወጡት እያወሩ፣ ስልክ እየደወሉ፣ መኪና እየፈለጉ በሩን ሳያዩት እንደሚያልፉ ነገሩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባዶ እጃቸውን የሚወጡት ግን እዚህ ሲደርሱ ይቆማሉ። ይቺን በእጃቸው ይይዟታል። አንዳንዷ ብዙ ትቆያለች። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ወንድሜ የቀለሙን ጣሳ ክዳን መልሶ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ገጠመው። ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዲቀቡት አይደለም የጠራሁዎት፤ እንዲያዩት ብዬ ነው» አለ። «ሰሌዳውንም ይዘው ይምጡ ልል ነበር፣ አፍሬ ነው።»

ወንድሜ ከቦርሳው ሰሌዳውን አወጣ። አራቱ ብሎኖች በላስቲክ ታስረው ከጀርባው ተለጥፈዋል። ለካ ቀለም ልቀባ ነው እያለ ይዞት መጥቷል። ኢንጂነሩ ከእንቡጧ ሥር ይሁን አለ፤ እኔ ወይ ፍንክች አልኩ። እዚያ ጽሑፍ አይጠጋም። በውጭ በኩል ግንቡ ላይ ሰቀልነው። ኮራሁ፤ በአባቴም በራሴም አፌን ሞልቼ ኮራሁ።

ወንድሜ ዕቃውን ሲሰበስብ እኔ ወደ ውስጥ ተመልሼ በትንሿ በር በኩል ልወጣ እንቡጧ ጋ ደረስኩ። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ከዚህ ስወጣ እጄን የማሳርፍበት ቦታ አልነበረም። አሁን አለ። አሳረፍኩ።