በቃል የተያዘ ኮድ

የፕሮግራመሮች ማኅበር አባላቱን «ኮድዎን የት ያስቀምጣሉ?» ብሎ በመጠይቅ ጠየቀ። አንድ የደሃና ወረዳ ልጅ «በቃሌ፤ መብራት ሲመጣ እጽፈዋለሁ» ብሎ መለሰ። ሰቆጣ ሆና መልሶቹን በየፈርጁ የምትመድበው ፀጋ ናት። አለቃዋ አቶ መልሰው የልጁን መልስ አይተው ከባሕር ዳር ደወሉ።

«ይቺን ‹ቀልድ› ውስጥ ክተቻት።»

«ቀልድ አይደለም ጌታዬ። ልጁ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ሰው ኮድ ያቅተዋል?»

«ሪፖርቱን የሚያነቡት ፈረንጆች ይስቁብናል!»

«ይሳቁ። ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ እኛም እንስቃለን።»

«እንግዲያው ውልሽ አይታደስም።»

«አይታደስ።»

ፀጋ «በቃል» የሚል አዲስ ፈርጅ ከፈተች፤ ልጁን ብቻውን አስገባችውና ሪፖርቱን ለአባላቱ በሙሉ በስልካቸው ላከችው። አቶ መልሰው እንደገና ሲደውሉ፣ «እንግዲህ ከሁሉም ስልክ ላይ እየዞሩ ይሰርዙት» አለቻቸው።