ኮምፒውተሩ ይረፍ

ሰውየው ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸኘው በኮምፒውተር ነው። ሽኝት ይሉታል እነሱ! መጣያ ያጡለትን ዕቃ ሪባን አስረው አሸከሙት ቢባል ይቀላል። ነጭ የነበረው ቀለሙ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ የሆነ፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚጮኽ፣ ከነስክሪኑ አንድ ጎልማሳ የሚከብድ ዴስክቶፕ። ሰውየው ግን ታክሲ ተኮናትሮ፣ ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ በሩን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋትህ ይኼ ነው?»

«ቦታ አዘጋጂለት» አላት።

ቦታ ማለት የእሷ ጠረጴዛ ነው። እንቁላል የምትለይበት፣ የዶሮ መድኃኒት የምትበጠብጥበት፣ በቤቱ ውስጥ የእኔ የምትለው ብቸኛ ጠረጴዛ። እሱ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ወረቀት ከዚህ ወደዚያ ሲያመላልስ፣ እሷ ጓሮ ውስጥ ዶሮ እያረባች ነው ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው። እሱ ይህን አፉ ላይ አምጥቶት አያውቅም። ዶሮ ሲባል አፍንጫውን ይይዛል። ልጆቹ ገበታ ላይ ሲንጫጩ እንኳ እንደ ስብሰባ መዳፉን ያነሳና «ዕድል ሳይሰጥህ አትናገር!» ይል ነበር። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ዕድል የሚከለክለው ሰው አጣ፤ ቀረችለት እሷ። እሷ ደግሞ መዳፉን ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል።

ኮምፒውተሩ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ በቃ። ሲጫኑት ውስጡ ያለው ማራገቢያ ብቻ ይዞራል።

«ልክ እንዳንተ» አለችው፤ «ነፋስ ብቻ ቀረው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ለቆራሌው ሰጥቶ ይገላገል ነበር። የእኛ ኃላፊ ግን «አዲስ አገልግሎት ይፈለግለታል» ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ የጠቆረውን ስክሪን መስታወት አደረገው፤ እሱን እያየ ከረባቱን ያስተካክላል። ከረባት አድርጎ የት ሊሄድ? እስከ ሳሎን! ሲሰለቸው ስክሪኑን የማስታወቂያ ሰሌዳ አደረገውና «መብራት ሳያጠፉ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈበት። በቤቱ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ራሱ ነው። ኪቦርዱን ደግሞ ጣቶቹ እንዳይደርቁ ጠዋት ጠዋት ይጽፍበታል። ከምንም ጋር ያልተገናኘ ኪቦርድ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ሥራ ላይ ነው ይል ይሆናል።

የሁሉም ጉድ ግን ማሳረፉ ነው። ሰውየው መሥሪያ ቤት ሳለ አንድ ሕግ ነበረው፦ ማሽን ሲሞቅ ይጠፋል፣ ይሸፈናል፣ ያርፋል። ቤትም አመጣው። ሚስቱን ዳንቴል አሠርቶ፣ የሞተውን ኮምፒውተር ከምሳ በኋላ ያለብሰዋል።

«ሬሳ ይደክመዋል እንዴ?» ትለዋለች።

«አንቺ ስለ ማሽን ምን ታውቂያለሽ!»

እንዲህ ሲሉ ከርመው ፈንግል ገባ። ይህ የዶሮ በሽታ ሲመጣ አንኳኩቶ አይመጣም፤ በአንድ ሳምንት ዶሮ ቤቱን አራገፈው። የተረፉት ሁለት ያረጁ እንቁላል ጣዮችና አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ናቸው። ሴትየዋ እነዚህን ሦስት በስስት ዓይን ታያቸዋለች፤ በሽታውን የቻለ ዘር እነሱ ዘንድ ብቻ ነው የቀረው። ከገበያ ብታመጣ ደግሞ አዲስ በሽታ መሸመት ነው። ግን ሁለቱ እናቶች ጥለው ይሄዳሉ እንጂ ማቀፍ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ጫጩት ካልተገኘ ዶሮ ቤቱ ተዘጋ፤ እሷም ቀሪ ዘመኗን ሳሎን ተቀምጣ የዚያን ኪቦርድ ቀጭ ቀጭ ልትሰማ ነው። ከዚያ ሞት ይሻላል አለች።

ታናሽ ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

«እታለም፣ እንቁላል ማቀፊያ እሠራልሻለሁ፤ ሣጥን ብቻ ፈልጊልኝ» አላት። «አምፖል አስገባለታለሁ፣ ሙቀቱን የሚያዳርስ ማራገቢያ ካለ ደግሞ እሰየው።»

ሴትየዋ ዞር ብላ ጠረጴዛዋን አየች።

ባልየው ከሠፈር ጡረተኞች ጋር ተጫውቶ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ ወለል ላይ ተዘርግፏል። ሣጥኑ ውስጥ አምፖል በርቷል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ጭድ ላይ እንቁላሎች ተደርድረዋል።

«ኮምፒውተሬ ውስጥ ዶሮ?» አለ። «የስንቱን መዝገብ የያዘ ዕቃ!»

«መዝገቡን አውጥተንለታል» አለችው። «አቧራ ነበር።»

ሦስት ቀን አኮረፈ። ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! እሷ ጠዋትና ማታ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፤ ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ወንድሟ ለሥራ ሲወጣ ሱቁን ትጠብቅለታለች፤ የውለታው ምላሽ መሆኑ ነው። ስትመለስ ሣጥኑን በእጇ ትዳስሳለች፤ ሞቅ ብሎ ታገኘዋለች፤ ደስ ይላታል።

ጫጩት በሦስት ሳምንት ይፈለፈላል። ሦስት ሳምንቱ ሞላ፤ ዝም። ጥቂት ቀን ጨመረች፤ ዝም። አንዱን እንቁላል አንስታ ሰበረችው፤ ግማሽ የደረሰ፣ ላባ ያላበቀለ ፍጥረት ነበር። ሌላውም እንደዚያው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ወንድሟ መጥቶ ሁሉን ፈተሸ። አምፖሉ ደኅና፣ ማራገቢያው ደኅና።

«ጋሼ፣ ምናልባት ነክተውት ነበር?» አለ በትሕትና።

«ነካሁት? አዳንኩት እንጂ!» ሰውየው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እጄን ባስቀምጥበት ግሎ! እሳት ሊያስነሳ ነበር እኮ። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ፣ ሣጥኑን ከፍቼ በደንብ አናፍሰዋለሁ፣ ቀዝቀዝ ሲልለት ዳንቴሉን አለብሰዋለሁ። እሷ እንዳትነዘንዘኝ ደግሞ ከመምጣቷ በፊት ገልጬ አበራዋለሁ። በእኔ ዘመን አንድም ኮምፒውተር አልተቃጠለም!»

ወንድምየው መሬት መሬት አየ። እሷ የተሰበረውን እንቁላል በሲኒ ማስቀመጫ ይዛ መጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ይኸው» አለች። «ያሳረፍከው።»

ሰውየው አየው። መዳፉን አላነሳም። ማታ ከስክሪኑ ላይ ያንን የመብራት ማስታወቂያ ልጦ ጣለው። እሷ አየችው እንጂ አላዘነችለትም፤ ምን ቆርጧት! «ደንቆሮ» አለች በሆዷ፤ «የተማረ ደንቆሮ።»

እንደምንም ሌላ እንቁላል አጠራቀመች። ሁለቱ ዶሮዎች ከዚያ ወዲያ መጣል አቆሙ፤ ይኼ የመጨረሻው ነው። ከሱቁ መቅረት ደግሞ አትችልም፤ ወንድሟ የትልቅ ሕንፃ ሥራ ይዟል። ቤት የሚቀር ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ከሰው ከተቆጠረ። ሣጥኑ ፊት ወንበር አስቀምጣ ጠራችው።

«ስማ። አትንካው። አታጥፋው። አታልብሰው። በተለይ ደግሞ አታስብ።»

«እሺ» አለ። ከተጋቡ ጀምሮ እሺ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ይባስ ብሎ አስፈራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀመጠ። ጡረተኞቹ መጥተው ቢጠሩት «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ መለሳቸው። ኪቦርዱም ዝም አለ። እሷ ግን አላመነችውም፤ ሱቅ ውስጥ ሆና በየደቂቃው እጁ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ ይታያታል።

ሦስተኛው ሳምንት ሊሞላ ሲል ከሰዓት ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ፤ የሱቁ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ወጥታ ብታይ መንገዱ ሁሉ ጨልሟል። ሱቁን እንዴት እንደዘጋችው አታውቅም። ጎርፉን በጫማዋ እየረገጠች ሮጠች፤ እየሮጠችም ስድብ ታዘጋጃለች። እስካሁን ያልሰደበችውን ሁሉ፤ ከሽኝቱ ሪባን ጀምሮ እስከ ከረባቱ። ዳንቴሉን አልብሶት ቆሞ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነበረች። «ዛሬስ ወይ እሱ ወይ እኔ» አለች።

በሩን በርግዳ ገባች። ጠረጴዛው ባዶ ነው! ወደ መኝታ ቤት ዘለቀች።

ሰውየው ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ በካናቴራ ብቻ። ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ታቅፎታል። ሣጥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ በብርድ ልብሱ ላይ የሽኝቱ ዕለት የለበሰው፣ ማንም እንዲነካበት የማይፈቅደው የሙሉ ልብሱ ኮት አለ፤ በጎንና በጎኑ በጋዝ ምድጃ ያፈላው ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ተሸጉጧል። እግሩ ደንዝዟል መሰል አንዱን ሊያነሳ ሞከረና ተወው። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

«አንተ...» ብላ አፏን ከፈተች። ስድቡ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

መዳፉን አነሳ። እንደ ድሮው፣ እንደ ስብሰባው።

«ቆዪ» አለ በሹክሹክታ። «ዕድሉ የሱ ነው።»

ከኮቱ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መለሰለት።

ዝናቡ ያላራሰው ልብስ ሰውነቷ ላይ አልነበረም፤ ውኃው ከቀሚሷ ጫፍ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ቀስ ብላ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ አወጣች፣ በቦታው እጇን አስገባች። ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድል እስኪሰጣት ድረስ ዝም ብላ ጠበቀች።