ተስኒም የጻፈችው

መምህር አንዳርጋቸው የስድስቱን ተማሪዎች ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ፈርሞ ጨረሰ። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ያዘው። ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ያው ነው፤ «ይህ ጽሑፍ የተማሪዋ የራሷ ሥራ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ከጎኑም ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን። ጠቅ አድርጎ መሄድ ነበር። እሱ ግን ይህችን ጽሑፍ ከሁሉም አብልጦ ይወዳት ስለ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ ላንብባት ብሎ ከፈታት። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚያነበው የገዛ ራሱ ዓረፍተ ነገር ሆኖ አገኘው። አራተኛውም ላይ እንዲሁ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

በትምህርት ቤቱ «ዲፕሎማው» ብቻ ብለው የሚጠሩት ፕሮግራም ለማያውቀው ሰው ሲያወሩት ያምራል። ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚሰጥ፣ ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ ፈተናው ውጭ አገር ተልኮ የሚታረም ትምህርት ነው። ለሚኖርበት ሰው ግን ጣጣ ነው። ስድስት የትምህርት ዓይነት አለ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ አለ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከጎን ሆኖ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ላይ ተማሪው ራሱ አጥንቶ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው፣ እስከ አራት ሺህ ቃል የሚደርስ ጽሑፍ ይጨመራል። እሱ የወደቀበት ልጅ ሌላው ሁሉ ቢሳካለት እንኳ ዲፕሎማ የለውም። ልጆቹ ሲገቡ ጥያቄያቸው መቆሚያ የለውም፤ በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ ግን ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ያንቀላፋሉ፤ አስተማሪውም እንዳይቀሰቅሳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስተምራል።

ተስኒም ከሚያንቀላፉት አንዷ ነበረች። አባቷ ዓብደላ የወረታ ሰው ነው፤ ዓባይ ማዶ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ልጆቹን እዚያው አሳድጓል። ማሌዥያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማውን ካመጣች ሙሉ ወጪዋን ችሎ ሊቀበላት ደብዳቤ ልኮላታል። የጻፈችው ስለ እምቦጭ ነው፤ ጣናን ስለ ወረረው አረም። ወረታ አክስቷ ዘይነት ቤት እያደረች፣ ከሐይቁ ዳር የግጦሽ መሬታቸውን አረሙ የበላባቸውን ሃያ ሁለት ገበሬዎች ጠይቃ፣ አብራቸው ጭቃ ውስጥ ቆማ አረም ነቅላ ነው የመጣችው።

አንዳርጋቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። ጥፋቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በልጅነቱ ከመሸንቲ ወዲያ ባለ አንድ ደብር አራት ዓመት ቅኔ ተምሯል። እዚያ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር፣ በልቡ ሲያዘጋጅ ይውልና ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ወልደ ሐዋርያት የተጣመመውን ያቃናሉ፣ ደካማውን የቅኔ ቤት ጥለው የራሳቸውን ያስገቡለታል። ታርሞ የወጣው ቅኔ የተማሪው ነው፤ በማግስቱ በማኅሌት ሲቀኘው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም የሚታማው የማያርመው መምህር ነው። የዲፕሎማው ደንብ ደግሞ መምህሩ አንድ ጊዜ አንብቦ አስተያየት ይስጥ፣ ጽሑፉ ላይ ግን እጁን አያሳርፍ ይላል። አንዳርጋቸው ደንቡን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሥልጠናው ምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሥልጠናውን ያልወሰደው እጁ ነው። ጥር ላይ ተስኒም ረቂቋን በፍላሽ ስትልክለት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ተቀምጦ አቃናው፤ እሷም እንዳለ ተቀበለችው። መምህር ያረመውን አልፈልግም የሚል ተማሪ እዚህ አገር የት ይገኛል?

የፕሮግራሙ አስተባባሪ ፀሐይወርቅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። በዕድሜ ታናሹ፣ በሥራ አለቃው ናት።

«ጋሼ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምን ቀረዎት?»

«የተስኒም ቀረ። ሲሶውን እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

ፀሐይወርቅ በሩን ዘጋችው። «የሌሎቹስ?»

«የሌሎቹን አልነካሁም። የወደድሁትን ነው ያረምሁት።»

«ይፈርሙና ይገላገሉ እንግዲህ። ልጅቱ ብትወድቅ ዓብደላን በምን ዓይንዎ ያዩታል?»

«ብፈርም ዋሸሁ። ባልፈርም ልጅቱ ወደቀች። የእኔን እናውጣውና የቀረው ይላክ።»

«ወጥቶ ምን ሊቀር?»

ፀሐይወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እሷም ሦስት ሳምንት በቅጡ እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። «ይሁን» አለች። «ግን እሷ ራሷ ታውጣው። እርስዎ የእርስዎን ያመልክቱ እንጂ እንዳይነኩት። እባክዎ ጋሼ፣ እጅዎን ይሰብስቡልኝ።»

ተስኒም ከትምህርት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ሁለቱም ጾመኞች ናቸው፤ የሁለቱም ከንፈር ደርቋል። አንዳርጋቸው ነገሩን ሳያለባብስ ነገራት። ልጅቱ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ሰማችው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አረሙት?»

«ልማድ ነው። አጥፍቻለሁ።»

«እኔኮ ሳነበው ደስ አላለኝም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ግን ቲቸር ካረመው ይሻላል ማለት ነው ብዬ ተቀበልሁት። የድሮውም የለም፤ በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥሁት።»

ስለዚህ መስመር በመስመር መሄድ ግድ ሆነ። ጽሑፉን አትሞ ቀይ እስክሪብቶ ያዘ፤ የእኔ ነው ያለውን ይሰርዛል፣ እሷ ከላፕቶፗ ታጠፋለች። መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። «ከዚህ በተጨማሪ» ብለው የሚጀምሩት ሁሉ የእሱ ናቸው፤ «ሥነ ምህዳራዊ ሚዛን» ያሉበትም እንዲሁ። ሲሰርዛቸው የሆነ ዕፎይታ ተሰማው። ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የተናዘዘ መሰለው፤ እንዲያውም በራሱ ቅንነት ትንሽ ኮራ። ሰው ደክሞት እንኳ ለመኩራት አቅም አያጣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል የተስኒም ስልክ ጠራ። አባቷ ነው። ኢፍጣር ከመድረሱ በፊት ድልድዩን እንድትሻገር ይፈልጋል፤ ባጃጅ እንዳታጣ ሰግቷል። አንዳርጋቸው ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ ሥራ እንደቀራቸው ነገረው።

«እርስዎ ካሉ እኔ ምን እላለሁ መምህር» አለ ዓብደላ። «ልጅቱን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።»

አንዳርጋቸው ስልኩን መልሶ ሰጣት፤ ለጥቂት ጊዜም ወረቀቱን ማየት አቃተው። ከዚያ ቀጠሉ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአንድ ላይ ሰረዘ። የተስኒም ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ይቺ የእኔ ናት።»

«የትኛዋ?»

በአማርኛ አነበበችለት። «ገበሬዎቹ አረሙን ነቅለው ዳር ላይ ይከምሩታል፤ ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ይመጣና ክምሩን ይወስደዋል። ዘንድሮ የሚነቅሉት አምና የነቀሉትን ነው።»

አንዳርጋቸው ይህን ያውቀዋል። ባነበበው ቁጥር ደስ ይለዋል፤ የጽሑፉ ልብ እዚህ ላይ ነው። የዚያን ቅዳሜ ከሠራው ሁሉ ይህ ይበልጣል ብሎ ለራሱ ሲናገር ከርሟል።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ቢቀር በወደደ።

ተስኒም ቦርሳዋን ከፍታ ጫፉ የተቀዳደደ ደብተር አወጣች። የሐይቁ ጭቃ ደርቆበታል። ታኅሣሥ አሥራ አራት ይላል፤ ረቂቁን ከመላኳ ወር ያህል በፊት መሆኑ ነው። ከሥሩ በእጅ ጽሑፏ ያችው ዓረፍተ ነገር ከነነፍሷ አለች፤ ከጎኗም «አክስቴ ዘይነት፦ ታዲያ ለምን ይነቅሉታል?» የሚል ማስታወሻ ተጽፏል። ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችና ወደ ኋላ እየገለጠች በጣቷ ታሳየው ጀመር። «ይችም የእኔ ናት። ይችም። እዚህ ሴትዮዋ ስለ ላሟ የተናገረችው፣ ይሄም።» አምስት ቦታ አገኘች። ደብተሩን እያገላበጠች ከእያንዳንዱ ጎን አስቀመጠችለት።

ተስኒም ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ተናገረች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው ያለው።

«ቲቸር፣ የሰረዙብኝ ጥሩ ጥሩዎቹን ነው። ደካማ ከሆነው ግን አንዱንም የራሴ ነው አላሉም።»

ሲያርምላት ያጠፋው አንድ ነገር ነው፤ አሁን ሊያርም ተቀምጦ ያጠፋው የባሰ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ጎበዝ እያለ ያወደሳትን ልጅ፣ ጎበዝ ሆና በጻፈችበት ቦታ ሁሉ አላመናትም።

«ልክ ነሽ» አለ። «አፍሬያለሁ።»

ምንም አይደለም አላለችውም። አምስቱንም ወደ ቦታቸው መለሰች። እሱ እስክሪብቶውን ከድኖ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ በኋላ የእሱ የሆነውን በአፉ ብቻ ይናገር ነበር፤ ሲጠራጠር እሷን ይጠይቃል። ሲጨርሱ ጽሑፉ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቃል ሆኖ ቀረ። አጭር ነው፤ ሁለት ቦታ ላይም ያነክሳል፤ ሊያቃናው እጁን በላው፤ ተወው። እሷን በር ድረስ ሸኝቶ ባጃጅ ካስያዛት በኋላ ተመልሶ ፈረመ።

ውጤቱ ሐምሌ ላይ መጣ። አለፈች። የጽሑፏ ነጥብ መካከለኛ ነበር፤ ለዲፕሎማው ግን በቃ። ዓብደላ ልጁን አስከትሎ፣ ሙሉ ልብስ የሚወጣው ጨርቅ በወረቀት ጠቅልሎ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«ያን የጣናን ነገር የጻፈችውን በእርስዎ ነው ያለፈችው፤ አውቃለሁ» አለ ጨርቁን እያስጨበጠው።

«ኧረ አቶ ዓብደላ፣ እኔማ አበላሽቸባት ነበር። አልሰማ ብላኝ ነው ያለፈችው።»

ዓብደላ የመምህሩን ትከሻ ይዞ ከልቡ ሳቀ። «የተማረ ሰው ትሕትናው» አለ። ተስኒም ግን አልሳቀችም፤ መምህሯን ቀና ብላ አየችውና፣ ትክክለኛ መልስ የመለሰ ተማሪን እንደምታይ አስተማሪ፣ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።