በጆሮ የገባ መርማሪ

ፊታውራሪ ኪዳኑ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ግራዝማች ደርበው፣ አዘና ላይ ሌባ ለማውጣት አገሩን አፈርሳታ ሲያስቀምጡ፣ ምሎ ሳይናገር ከሸንጎው የሚነሣ ሰው አልነበረም። የግራዝማች ልጅ አቶ መሳፍንት ግን ዛሬ ጠዋት እንጅባራ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ያዳምጣሉ።

መምህር ሳሉ ተማሪ ልብወለድ ይዞ ሲያገኙ ይነጥቁ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፀደይ ተከታታይ ትረካ በስልካቸው ጫነችላቸው። መጀመሪያ ናቁት፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ምሳ አስረሳቸው፤ አሁንማ መርማሪው ወደ ተጠርጣሪ ደጅ ሲቀርብ ወለሉን በምርኩዛቸው ይደበድባሉ።

ዛሬ ግን ትረካው አልገባ አላቸው። የወንድማቸው ልጅ ይኸነው ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሱን ሊሸልም በእርሳቸው ቤት የሚቀመጠውን ሣጥን ቢከፍት፣ በብር ያጌጠው የአያቱ ልጓም የለም። ከቤተሰቡ ውጭ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው ፀደይ ብቻ ናት። ስለዚህ አባል በሆነበት የፈረሰኞች ማኅበር ፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትማል አለ። ብትምልም ባትምልም ስሟ ከሌብነት ጋር ከተማውን መዞሩ አይቀርም። ልጅቱም ወደ ዳንግላ፣ ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ሻንጣዋን እያሰረች ነው፤ መሄዷም እንደ እምነት ቃል ይቆጠርባታል።

ሽማግሌውን የጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ንጹሕ ናት የሚለው ፍርዳቸው ከኅሊናቸው የወጣ ነው ወይስ የሚቀጥለውን ክፍል ከመናፈቅ? እርሷ ከሄደች ቀሪውን ማን ይጭንላቸዋል? ይህን በማሰባቸው አፈሩ።

«ጋሼ፣ ያች ልጅ ጆሮዎን ገዝታዋለች» አለ ይኸነው የፈረሱን ጋማ እያበጠረ። «ትረካ ለሰጠዎ ሁሉ ጠበቃ ሊቆሙ ነው?»

አቶ መሳፍንት ማዳመጫውን ነቀሉት። መርማሪው የገዳዩን ስም ሊጠራ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

«ተቀመጥ። ከአንተ እንጀምራለን።»

«ከእኔ? የጠፋብኝ እኮ እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ነዋ። ልጓሙን ፈረስ አፍ ላይ መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

ይኸነው ሳቀ፤ ቀጥሎ እየተቆጣ መለሰ። ግምጃ ቤት ከተማ፣ የማኅበሩ አባል የነበሩት የአቶ ውቤ ለቅሶ ላይ ነው። በየትኛው ፈረስ አፍ? ሲሉት በራሱ ፈረስ መሆኑን ተናገረ። ፈረሰኛው ሁሉ ተሸልሞ እንደ ወጣ፣ የሟቹ ፈረስ ግን ጌታው የሌለበትን ኮርቻ ተሸክሞ በአሮጌ ገመድ ሲሳብ ማየት እንዳንገበገበው መተረክ ጀመረና፣ መካከል ላይ ትዝ አለው። የራሱን ልጓም አውልቆ ለሟቹ ፈረስ ያጎረሰው እርሱ ነበር። ያን ዕለት እንባ እንጂ ሌላ አላየም፤ የራሱን ፈረስ ዕቃ ሰብስበው ቤት የመለሱት ጓደኞቹ ናቸው።

ወዲያው ግምጃ ቤት ደወለ። የሟቹ ባለቤት ልጓሙ ምሰሶው ላይ እንደ ተሰቀለ ነገሩት፤ ለመታሰቢያ የተሰጠ መስሏቸው መርቀውትም ነበር።

ከአጥሩ ውጭ፣ ለመሐላው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊወስዷት የመጡት ፈረሰኞች ተሰብስበዋል። ባጃጅ ይንተከተካል፤ ፀደይ ሻንጣዋን እየጫነች ነው። ይኸነው ለአጎቱ ሊናገር ሲል፣ እርሳቸው በምርኩዛቸው በሩን አመለከቱት።

ወጣ። ልጅቱ አጠገብ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«አልተሰማም» አሉ አቶ መሳፍንት ከበረንዳው።

የባጃጁ ሞተር ጠፋ። ፈረሰኞቹም ወሬያቸውን አቆሙ።

«ልጓሙን የሰጠሁት እኔው ነኝ» አለ ይኸነው፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፀደይ፣ ተሳስቻለሁ።»